አሥራ ስምንተኛው መስመር

እንጅባራ፣ ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ርብቃ፣

ጨርቁ አላለቀም ነበር።

ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ በሰላምታ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ስለ ጉሙና ስለ ብርዱ አውርቼ ወረቀቱ እንደሚያልቅብኝ ስለማውቅ ነው። አሁን ወጥቶልኛል። እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በቀር።

ከእንግዲህ አይደውሉልኝ፣ ይጻፉልኝ ያልሽውን ተቀብያለሁ። «ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ክብደት ቀነስሽ ወይ ብለው ነው» ብለሻል። ሐሰት ነው ብዬ ልከራከር ብዕር አነሣሁ። ከዚያ የደወልኩባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ አስታወስኩ። እውነትሽን ነው።

በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የላክሽው ፖስታ በደህና ደርሷል። ፎቶግራፍሽን አየሁ። ከፊት ቆመሽ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሻል፤ ከኋላሽ ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ ሽማግሌውም፣ ክራንች የያዘችው ሴትም እንዳቅማቸው ዘርግተዋል። ዮጋ የምታስተምሪው እንዲህ ለሁሉም ዓይነት ሰው መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። ፎቶግራፉን በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ በፊቱ ደፋሁት። ደንበኛ እንዳያይብኝ ብዬ ነው። ይህንም ጻፍኩት እንግዲህ።

ለወገቤ ብለሽ የጻፍሽልኝ የእንቅስቃሴ ወረቀት አንደኛው ተራ ላይ፣ «መሬት ላይ ይቀመጡ። እጅዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ። ለሰውነትዎ ክፉ ቃል ሳይናገሩ አሥር ጊዜ ይተንፍሱ» ይላል። ቀላል መስሎኝ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ አቃተኝ። የገዛ ሆዴን ስነካ የእናትሽ የፀጋነሽ ሆድ ትዝ አለኝ፤ ከእናትሽ ወደ አንቺ ሄድኩ፤ ከአንቺ ወደዚያ ቀን።

መቼም አትረሽውም። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። መዘምራኑ ለቪሲዲ ሊቀረጹ ነው፤ ካሜራ ከባሕር ዳር ይመጣል። አሥራ ስምንት ነበራችሁ። ልብሳችሁን እንድሰፋ ወይን ጠጅ ከፋይ ተገዝቶ ለእኔ ተሰጠ። በሱቄ ደንቡ እንደምታውቂው ነው፤ እኔ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይጽፋል። ያን ቀን የጻፈው የመዘምራኑ መሪ ሲሞን ነበር። አሥራ ሰባቱን ለካሁ። አንቺ መጨረሻ ላይ ነበርሽ፤ እጅሽን ከጎንሽ ትንሽ ራቅ አድርገሽ፣ ለሜትሩ ተዘጋጅተሽ ቆመሻል። ሲሞን ቀና ብሎ አየኝ። ሰልፉ በካሜራ ፊት እኩል እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። በአፉ ጠየቀኝ ማለቴ አይደለም። እሱ በዓይኑ ጠየቀ፤ እኔ በአፌ መለስኩ።

«ጨርቁ የሚበቃው ለአሥራ ሰባት ነው» አልኩ።

«እሺ አባዬ» ብለሽ ወጣሽ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር።

በወሩ ከመዘምራኑ ቀረሽ። በዓመቱ አዲስ አበባ ገባሽ። ሰው ሲጠይቀኝ «ለትምህርት ሄደች» እላለሁ። ትምህርቱስ እውነት ነው፤ የሄድሽበት ምክንያት ግን እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የልኬት ደብተሩ አሁንም አለ። ሲሞን አስቀድሞ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ቁጥር ደርድሮ ነበር። ከአሥራ ሰባተኛው በታች 18 ይልና መስመሩ ባዶ ነው። እየገለጥኩ አየዋለሁ፤ መልሼ እዘጋዋለሁ።

የተረፈው ጨርቅ፣ እንግዲህ ተረፈ።

ይቅር በይኝ።

አባትሽ የኋላሸት


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለርብቃ፣ ቸርነቱ ካንቺ አይለይ፤

መልስሽ ደረሰኝ። ስለ ይቅርታው አንድ ቃል ይኖረው እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ የለውም። ያለው የወገቤ ነገርና አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ፤ እባክሽ ታገሺኝ።

እንቅስቃሴውን አልተውኩም። አሥሩን ትንፋሽ አሁን እስከ ሰባት አድርሼዋለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠማዘዙንም ለምጃለሁ። በጀርባ ተኝቶ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል ያልሽውን ግን ሰው ፊት ማድረግ አፍሬ፣ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ ነው የምሠራው። በኅዳር መጨረሻ አንድ ማክሰኞ እግሬን ሰቅዬ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ፣ ቅቤ ነጋዴዋ እታለማሁ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ መጋረጃውን ገለጠችው።

«ኧረ አያ የኋላሸት! ወደቅህ እንዴ? ኧረ ሰው ድረሱ!»

«አልወደቅኩም። ሆን ብዬ ነው።»

«ሆን ብሎ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ዛሬ አየሁ።»

«ዮጋ ይባላል። ርብቃ ናት የላከችልኝ፤ ለወገብ ነው።»

«ወገብ ያለኝማ እኔ ነኝ! አንተ ምን ወገብ አለህ! ተነሥ እስቲ፣ ቦታ ልቀቅ።»

ሴትየዋን ታውቂያታለሽ፤ «ከቅቤዬና ከእኔ ማን ይመዝናል» እያለች በራሷ የምትቀልድ ናት። ተኛች፤ እግሯን ሰቀለች። እኔ ዞር ብዬ ቁልፍ የምተክል መሰልኩ። እታለማሁ ዝም ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ኋላ «አያ፣ ሃያ ዓመት ገበያ ቆሜ ዛሬ ገና እግሬ አረፈ» አለች። በሳምንቱ ሁለት ወዳጆቿን ከነሰሌናቸው ይዛ መጣች። ወረቀትሽን አነብላቸዋለሁ፤ እነሱ ይሠራሉ፤ እኔ ጥግ ላይ።

ነገሩ ጸሎት ቤት ደረሰ። ሁለት ሽማግሌዎች መጡና «ወንድም የኋላሸት፣ ይህ ነገር የባዕድ አምልኮ ነው ይባላል» አሉኝ። እኔም ሳልሰጋ ቀርቼ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሴን ስመረምር ነው የከረምኩት። ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ስተነፍስ እስትንፋሱን የሰጠኝን አመሰግናለሁ፤ ሌላ ስም አልጠራም። እጅ ማንሣትማ እሑድ እሑድ የምናደርገው ነው። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ሁለተኛው በር ላይ ቀረት ብለው፣ «ለዳሌ የሚሆን አለው ወይ?» አሉኝ።

አሁን ጥያቄሽ። የተረፈው አራት ሜትር ከፋይ የት ደረሰ ብለሻል።

የዘንገናው አስማረ በዚያው ዓመት ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ለፈረሱ የበዓል ልብስ፣ ግላስ፣ እንድሰፋለት መጣ። መደርደሪያ ላይ ከፋዩን አየና ወደደው። «የማን ነው?» አለኝ። «የማንም አይደለም» አልኩት። ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ለአንገትጌያችሁ በተገዛው ቢጫ ክር ጠርዙን ጠልፌ ሰጠሁት።

ልጄ፣ ልብስሽን ለፈረስ አለበስኩት።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው የለኝም።

አባትሽ የኋላሸት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የገና በዓል በሰላም ደረሰልዎ?

አውቅ ነበር።

ያን ጊዜ ጥር ሃያ ሦስት ቀን ከጓደኞቼ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። የአስማረ ፈረስ ሲመጣ ከሩቅ ቀለሙን ለየሁት። አጠገቤ ሲደርስ ቢጫውን ክር አየሁ። እርስዎ ጥልፍ ሲጨርሱ ክሩን ሁለት ጊዜ መልሰው ነው የሚቋጩት፤ ቋጠሮውንም አየሁት። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። አባዬ፣ ፈረሱ አምሮበት ነበር። ደረተ ሰፊ፣ ሆዱ ሙሉ ነው፤ በልኩ ተሰፍቶለታል። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ስለ ጨርቁ የጠየቅኩዎ አጥቼው አይደለም። እርስዎ ይነግሩኝ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። ነገሩኝ። ባይነግሩኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ግላሱን አስመልስልሻለሁ እንዳይሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት የፈረስ ላብ የጠጣ ልብስ ምን ያደርግልኛል? ለፈረሱ ይሁን። የምፈልገው ሌላ ነው።

ልጅ ሆኜ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ሲለኩ እሰማ ነበር። ቀጭን ሰው ሲሆን «ወገብ ሰባ ሁለት!» ብለው ይጠራሉ፤ መንገድ ድረስ ይሰማል። እማዬ ስትሆን፣ ወይም እትዬ እታለማሁ፣ ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጎንበስ ብለው ያንሾካሹካሉ። ለእርስዎ ትሕትና ይመስልዎ ነበር። እኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ወፍራም መሆን እንደ መርዶ በዝግታ የሚነገር ነገር ነው ብዬ ተማርኩ። እኔን ሲሆን ደግሞ ሹክሹክታውም ቀረ።

ዛሬ የማስተምራቸው ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፤ በሙሉ ድምፅ ስማቸውን ተናግረው ቦታቸውን እንዲይዙ። ለብዙዎቹ ከእግር መስቀሉ ይልቅ ይህ ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በሱቅዎ ውስጥ፣ ሰው ባለበት፣ ድምፅዎን ሳይቀንሱ ሊለኩኝ ይችላሉ? አዎ ካሉኝ አገሬ እመጣለሁ። አልችልም ካሉኝም አልቀየምም። ወገብዎን ግን እንዳይተዉት።

ልጅዎ ርብቃ


እንጅባራ፣ ጥር 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤

መልሱ ስለዘገየ አትቆጪኝ። አዎ ብዬ ለመጻፍ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን ወረቀት ሦስቱንም ቀን ቀደድኩት። አንድ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፤ አዎ ብዬ ደግሞ መጥተሽ ቆመሽ ድምፄ ቢከዳኝስ?

በዓሉ ሳይደርስ ዘንገና ወርጄ ነበር። እኔ እንኳን በዓሉን አላከብርም፤ ግላሶቹን ግን ስሰፋ ኖሬያለሁና በዚያ ወቅት እዚያ አልጠፋም። አስማረ ከደጁ ፈረሱን እያጠበ አገኘሁት። ያ የምታውቂው አርጅቷል፤ ግላሱን አሁን የሚለብሰው ልጁ ነው፤ እንደ አባቱ ደረቱ በር የሚያክል።

«አስማረ፣ ያ ወይን ጠጁ ግላስ የልጄ ልብስ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። «ልጅህ ፈረስ ናት?»

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠና የፈረሱን አንገት ዳበሰ።

«ያን ጊዜ ፈረሴን ስትለካ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሜትሩን ቀጥለህ ደረት መቶ ሰባ! ብለህ ስትጠራ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። እኔ ኮራሁ። ፈረሱም የኮራ መሰለኝ። ፈረስ ይክሳና ግላሱ ይብቃው ብለህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ለእንስሳ እንዲያ የጮኸ ጉሮሮ ለልጅህ ምን ነካው?»

«አፈርኩ።»

«በማን?»

የዚህን መልስ እስካሁን እየፈለግኩት ነው ርብቃ።

ግላሱን ከሣጥን አውጥቶ «ውሰድ፤ የእኔ ፈረስ ይራቆት» አለኝ። ለፈረሱ ይሁን እንዳልሽ ስነግረው መልሶ ነጥቆኝ አጠፈውና «እንኳንም! በበዓሉ ምን ላለብሰው ነበር?» አለ። ከዚያ ወዲያ ሳንስቅ አልቀረንም።

ጥር ሃያ ሦስት መንገድ ዳር ቆሜ ፈረሱ ሲያልፍ አየሁት። አንቺ ቆመሽበት የነበረው ቦታ የትኛው ይሆን እያልኩ ነበር።

አዎም አልልም፤ አይሆንምም አልልም። ጊዜ ስጪኝ።

አባትሽ የኋላሸት


እንጅባራ፣ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለርብቃ፣

የሴቶቹን ቁጥር ጠይቀሻል፤ አሥራ አንድ ደርሰዋል። ሱቁ ጠቦን እሑድ ከሰዓት በጸሎት ቤቱ ግቢ ነው የምንሠራው፤ ያን «ለዳሌ አለው ወይ» ያሉኝ ሽማግሌ ናቸው ያስፈቀዱልን። ሚዛናቸውን ለመጠበቅ የሚይዙትን ቀርከሃ አስቆርጬላቸዋለሁ። ያልጻፍኩልሽን ለምን እንደዘለልኩት ደግሞ ጠይቀሻል። ከወረቀት ላይ ምን እንደምታነቢ አላውቅም፤ ግን አዎ፣ የዘለልኩት ነገር አለ።

በየካቲት ወር ስሜነሽ የምትባል መምህርት ለወንድሟ ሠርግ ልብስ ልታሰፋ መጣች። ወፈር ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በልቤ «ይኸው ጊዜው» አልኩ። ሱቁ ሞልቷል። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዙሬ በሙሉ ድምፄ «ወገብ መቶ ሃያ ስድስት!» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ስሜነሽ ሜትሩን ከወገቧ ፈታ፣ አጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አስተጣጠፏ እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው።

እታለማሁ እዚያው ነበረች። ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣

«አያ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ርብቃ ድምፅህን አትቀንስ ስላለችኝ ነው።»

«አልቀነስክም። ግን እኮ ሌባ ያዝኩ ነው ያልከው! አጠራርህን ሰምተኸዋል?»

እውነቷን ነው። ሃምሳ ዓመት ያንሾካሾከ ሰው መጮህ ቢማር የሚጮኸው እፍረቱን ነው። ያን ዕለት ማታ ስጸልይ አስማረ «በማን?» ያለኝ ተመለሰብኝ። በአንቺ አልነበረም ያፈርኩት፤ በእናትሽም አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት የራሴን ወገብ ለክቼ አላውቅም። ለራሴ ሱሪ ስቆርጥ በአሮጌው ሱሪ ልክ ላይ በግምት እጨምራለሁ። ሰፊ ኮት የምለብሰው ለብርዱ አይደለም።

ስለ እናትሽ ደግሞ ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። በመጨረሻው ዓመት በሕመም ስትከሳ አንዲት ጎረቤት «ፀጋነሽ አማረባት እኮ፣ ሸንቀጥ አለች» አለች። እኔ ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። እናትሽ አየችኝ። «የኋላሸት፣ ቀሚሴን አታጥብበው፤ እመለስበታለሁ» አለችኝ። አላጠበብኩትም። አልተመለሰችበትም። ቀሚሱ አለ፤ በየዓመቱ አውጥቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። ያ ሙሉ ሰውነቷ እኮ ጤናዋ ነበር ርብቃ። ያ ነበር ሚስቴ።

በማግስቱ ሱቁ ሲሞላ ጠበቅኩ። ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩት። ሜትሩን በራሴ ወገብ ላይ አዞርኩ። «እታለማሁ፣ ጻፊ! የኋላሸት፣ ወገብ መቶ ዘጠኝ!» አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እታለማሁ «እኔንም ለካኝ፣ ማን ከማን ያንሳል!» ብላ እጇን ዘረጋች፤ «መቶ ሠላሳ አንድ!» ስል እንደ ምርቃት ተቀበለችው። አንድ ቀጭን መንገደኛ «እኔስ?» አለና «ወገብ ስድሳ ስምንት!» ስንል «ይቺ ናት?» ብሎ አዘነ። ቁጥር ነበር ለካ። ሰውየው የቆመበት ልክ እንጂ የተከሰሰበት ወንጀል አልነበረም።

ከዚያ ስሜነሽ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የራሴንም ቁጥር ነገርኳት። አየችኝ አየችኝና፣ «በሰፊው ኮትዎ ውስጥ ማን ያውቅ ነበር ጋሼ!» አለች። ልብሷ ተሰፍቷል። ሠርጉ ላይ ለብሳው ጨፈረች አሉ። እሑድ እሑድም ሰሌኗን ይዛ ትመጣለች።

ፎቶግራፍሽን ከመሳቢያው አውጥቼ ከመስታወቱ በላይ ሰቅዬዋለሁ። የሚለካ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነው።

አሥሩን ትንፋሽ ጨርሻለሁ። ለጥያቄሽ መልሴ፣ አዎ።

አባትሽ የኋላሸት


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

አባዬ፣ እንኳን አደረሰዎ። ስለ እማዬ የጻፉትን ብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ። ቀሚሱን ባየው ደስ ይለኛል።

ግንቦት አሥር ቅዳሜ እገባለሁ። እሑድ ከሰዓት ከእናንተ ጋር እሠራለሁ፤ ሴቶቹን ይንገሩልኝ። እርስዎ ጥግ ላይ አይደሉም፣ ከፊት ነዎት።

የምሠራበት ልብስ ይዤ አልመጣም። ቁጥሬንም አልልክም። ሜትርዎን ያዘጋጁ።

ደብተሩን እንዳይጥሉት።

ልጅዎ ርብቃ


እንጅባራ፣ ግንቦት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ርብቃ፣

በደህና መግባትሽን ሹፌሩ ነገረኝ። ጌታ ይመስገን።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። «አባዬ፣ ሲለኩኝ ምን አሰቡ?» አልሽኝ። አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ ያየሽውን ልነግርሽ አልደክምም። ያላየሽውን ግን ልጻፍልሽ። እጄ የጻፈውን ነገር እኔም የበለጠ አምነዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳትደርሽ ገና ሲሞን መጣ። እኔ አልጠራሁትም፤ እታለማሁ ናት ሄዳ የነገረችው። ጠጉሩ ሸብቷል። ሱቁ መሐል ቆሞ «ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ያየሁህን አስተያየት ዛሬም አልረሳሁትም» አለኝ። እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ እሱ ዘንድ ነበር። «ደብተሩ የት አለ? መስመሩን ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ አስማረ መጣ። በዓል ሳይኖር፣ ጥምቀት ሳይሆን፣ ፈረሱን ግላሱን አልብሶ ደጄ ላይ አሰረው። «ልብሷን ያየ ምስክር ያስፈልጋል» ብሎ ነው። ባጃጆቹ በፈረሱ ምክንያት መንገዱ ተዘጋብን ብለው ሲጮኹ አንቺ ደረስሽ። ፈረሱን ስታይ ምን ትይ ይሆን ብዬ ተሳቅቄ ነበር። አንቺ አንገቱን አቅፈሽ «አንተ ሌባ!» አልሽው። ያኔ ግማሹ ሸክም ወረደልኝ።

ከዚያ ገብተሽ ቆምሽ። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ሲሞን ከነብዕሩ፣ አስማረ በሩ ላይ። እጅሽን ከጎንሽ ትንሽ ራቅ አደረግሽ፤ ልክ እንደ ድሮው። ሜትሩን ዘርግቼ መልሼ ጠቀለልኩት፤ ደግሜ ዘረጋሁት። አይተሽው ይሆናል። «ይተንፍሱ አባዬ» አልሽኝ። ተነፈስኩ።

ያሰብኩት እንግዲህ ይህን ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የልብስ ሰፊ ሐሳብ ነው። ሜትሩ በቂ መሆኑን አየሁ። መቶ ሃምሳ ድረስ ተጽፎበታል። ያን ጊዜም ተጽፎበት ነበር። ጨርቁም በቅቷል፣ ሜትሩም በቅቷል፤ ያልበቃሁት እኔ ነበርኩ። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ከመስታወቱ በላይ ፎቶግራፍሽ ነበር፤ ከመስታወቱ ውስጥ ደግሞ አንቺና እኔ፣ ሁለታችንም ሰፋፊ፣ ጎን ለጎን። እናትሽ ሦስተኛ ሆና የቆመች መሰለኝ። አላፈርኩም። ፈልጌ አጣሁት እፍረቱን።

እሑድ ስለሆነው አልጽፍም፤ አንቺ ነሽ የመራሽው። ይህን ብቻ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰኞ ጠዋት የሚመለከተኝ ሰው ሁሉ «ጋሼ የኋላሸት፣ ከፊት ሆነው አየንዎ» ይለኛል። ያ የመጀመሪያው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ የወጡት ሽማግሌ እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያዩ ነበር። እጃቸው ትንሽ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር ትላለች እታለማሁ። እሷ ግን እንደምታውቂው ትጨምራለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልብስሽ ተጠቅልሎ መጥቷል። ወይን ጠጅ ነው፤ ከፋይ ሳይሆን ለእንቅስቃሴ የሚመች፣ የሚለጠጥ ጨርቅ። ጠርዙ ቢጫ ክር ነው፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተመልሷል። በልክሽ ገዝቼ በልክሽ ቆረጥኩት። የተረፈ የለም።

ደብተሩ እዚህ ከፊቴ ተከፍቷል። የሲሞን የእጅ ጽሕፈት እንደ ጠጉሩ ሁሉ አርጅቷል፤ መስመሩ ግን ሞልቷል። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

18. ርብቃ የኋላሸት። ደረት 118። ወገብ 112። ዳሌ 134።

ሦስቱንም እኔ ጠራኋቸው። ሦስተኛው ላይ ደጅ ያለው ፈረስ ጆሮውን አቆመ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሰዎችም ዞረው አዩ። ድምፄን አልቀነስኩም።